እንቆቅልሽ ይሁን፣ የወዳጅ ይለፍ ቃል ግን አይሁን
የአሜሪካ መንግሥት በሲቪሉ የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስህተት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ሲያነሳ፣ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ባልዲ ደብቆ የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ለማንም ይፋ አደረገ። ጂኦካሺንግ የተባለው የተደበቀ ሳጥን ፍለጋ ጨዋታ የተወለደው እንዲህ በሩ ለሁሉም ተከፍቶ ነው። ስለዚህ አንድ ደባቂ ሳጥኑን ለወዳጆቹ ብቻ በሚነግረው የይለፍ ቃል ሲቆልፍ አጥብቄ እቃወማለሁ። እንቆቅልሽ ሌላ ነገር ነው። በእንቆቅልሽ ሳጥን ይፋ የሚወጣው ቁጥር እውነተኛው ቦታ አይደለም፤ ሒሳቡን የሠራ ወይም ምስጢራዊ ጽሑፉን የፈታ ግን ማንንም ሳያውቅ ይደርስበታል። የእንቆቅልሹ የክብደት ደረጃም ከ1 እስከ 5 አስቀድሞ ስለሚገለጽ ጀማሪው አቅሙን መዝኖ ይገባል። የወዳጅ ይለፍ ቃል የሚለየው ትጉሁን ከሰነፉ ሳይሆን ዘመድን ከባዳ ነው። ክፍት ሳጥን ይሰረቃል፣ እግር ሲበዛም ዕፅዋት ይረገጣሉ የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ በተለይ ወፎች ጫጩት በሚፈለፍሉበት ስፍራ። ነገር ግን የይለፍ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ማን እንደያዘው ደባቂው ራሱ አያውቅም። ጥሩ እንቆቅልሽ ደግሞ ያለ አድልዎ የጎብኚውን ቁጥር ይቀንሳል፤ ለፍቶ የደረሰ ሰውም ላገኘው ነገር ይሳሳል። ቦታው ያን ያህል ስስ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሳጥን አይደበቅበት። ደባቂዎች፣ ለመፍቻ የሚያበቃውን ፍንጭ ሁሉ ማንም ሊያየው በሚችልበት ጻፉት።