ፓምፑን ከመክሰሳችን በፊት

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት በታክሲ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ፣ ልብ ባይለውም፣ ሕይወቱን ለአንድ የፊዚክስ ሕግ አደራ ሰጥቷል። ሾፌሩ የፍሬኑን ፔዳል ሲረግጥ በቱቦ ውስጥ የታሰረው ፈሳሽ ግፊቱን ወደየጎማው ያደርሳል። ይህ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን ያስረዳው ሕግ ነው። ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱን ወደ አራት ኪሎ ስንወጣ ደግሞ ያንኑ ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እናስተምራለን፤ ተማሪውም ፈተናውን አልፎ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ሕጉን ማወቅና በሕጉ ጥፋትን መፈለግ ምን ያህል የተራራቁ እንደሆኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርሲ የሚኖር አንድ ዘመዴ አሮጌ ማሴይ ፈርጉሰን 135 ትራክተሩ አስቸገረው። የማንሻ ክንዶቹ ማረሻውን ከፍ ያደርጉታል፤ ከዚያ ይነቀነቃሉ፤ ሞተሩ ሲጠፋም ማረሻው ወዲያው መሬት ይደርሳል። ሰኔ ገብቶ ነበር። የተጠራው ባለሙያ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። አዲስ ፓምፕ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ማረሻው ግን እንደ ቀድሞው ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ጥፋተኛ ሆና የተገኘችው በማንሻው ክዳን ሥር ዘይት በሚያስተላልፈው ቧንቧ ላይ ያለች፣ ዋጋዋ ለአንድ ሰው ምሳ የማይበቃ የተቆረጠች ኦሪንግ ናት። እስከዚያ ድረስ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ዝናቡም የማንንም ጋራዥ አይጠብቅም።

ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። ፓምፑ ሊጠረጠር የሚገባው ነበር። ያሳሰበኝ ከመፍታቱ በፊት ማንም ምንም አለመለካቱ ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስታውስ። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1926 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የሃይድሮሊክ ማንሻ፣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አደረገው። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ የተሠራው ትንሹ ቲ.ኢ. 20 ይህንኑ ይዞ ወጣ፤ የኋላው 135 ልጁ ነው ማለት ይቻላል። ፓምፑ በትራክተሩ ሆድ ውስጥ ካምቢዮውን በሚያለሰልሰው ዘይት ተነክሮ ይዞራል። ከዚያ የሚወጣው ዘይት ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም ክንዶቹን ያነሣል። ለምሳሌ 7.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን በካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ግፊት ቢደርሰው 6.6 ቶን ያህል ኃይል ያገኛል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በክንዶቹ ርዝመት የተነሣ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል።

የፈርጉሰን ልዩ ብልሃት መቆጣጠሪያ ቫልቩን በፓምፑ መምጠጫ በኩል ማድረጉ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ለደገኞች የሚሆን አንድ ነጥብ አለ። ፓምፕ ዘይትን «ይስባል» ማለት የአነጋገር ልማድ እንጂ እውነት አይደለም፤ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ከላይ የተጫነው አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ፣ ራስ መኮንን ድልድይም በዚያው ከፍታ አካባቢ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በኮቨንትሪ ሊታለፍ የሚችል ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ በአርሲ ደጋ ላይ ፓምፑን ቶሎ ያስጮኸዋል፤ ዘይቱም አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ስፖንጅ ይታመቃል፤ ማንሻውም ይደክማል። እንዲህ ሲሆን ፓምፑን መለወጥ ዐይነ ሥውር ለሆነ ሰው አዲስ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ስለዚህ መጀመር ያለብን ገንዘብ ከማያስወጣው ነው። ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን መጠን ማየት፤ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። በ135 ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት መቆጣጠሪያዎች በትክክለኛ ቦታቸው መሆናቸውን ማረጋገጥ፤ ብዙ «ብልሽት» የሚድነው እዚህ ላይ ነው። በቲ.ኢ. 20 ከሆነ ፒ.ቲ.ኦው ካልተያያዘ ፓምፑ ጨርሶ አይዞርም።

ቀጥሎ ሸክም ሰቅሎ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ይህ ቀላል ሙከራ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሥርዓቱ የራሱን ጉድ ይሸፍናል። ዘይት ሲያፈስ ክንዱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ቫልቩ ይህን አይቶ ፓምፑ እንዲሞላ ያደርጋል፤ ክንዱ ይመለሳል፤ እንደገና ዝቅ ይላል። ያ የዘመዴ ትራክተር መነቅነቅ ይኸው ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ሸክሙ ቶሎ ከወረደ ዘይቱ ከፓምፑ መውጫ ወዲህ በአንድ ቦታ ያመልጣል፦ በፒስተኑ ቀለበት፣ በኦሪንጎች፣ በግፊት ማስተንፈሻው፣ ወይም በራሱ በፓምፑ ቫልቮች። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዘይቱን ጥቂት ቀንሶ፣ የጎኑን ክዳን ከፍቶ፣ ሸክሙ እንደ ተሰቀለ በባትሪ መብራት ማየት ነው፤ እጅ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ሰውም ከሸክሙ ሥር ሳይቆም። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘይት ቆዳ በስቶ እንደሚገባ ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው ስንቶቻችን ነን?

ሸክሙ ሳይወርድ ቆይቶ ከባዱን ማንሣት የሚያቅተው ከሆነ ግን ያን ጊዜ ማኖሜትር ያስፈልጋል። ግፊቱ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ደኅና ሆኖ ሲሞቅ የሚወድቅ ከሆነ ፓምፑ በእርግጥ አርጅቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጠባብ ክፍተት የሚያመልጠው ዘይት በክፍተቱ ስፋት ኪዩብ ልክ ያድጋል። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ፍሳሹ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ደግሞ ይብሳል።

በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ርዳታ በናዝሬት በተቋቋመው መገጣጠሚያ በኩል ለታወቀን ቤላሩስ ነገሩ ይለያል። ኤም.ቲ.ዜድ. 80 ለሃይድሮሊኩ የራሱ ዘይት መያዣ፣ ማከፋፈያና ከውጭ የሚታይ ሲሊንደር አለው፤ ፍለጋውም ይቀላል። አንዱን የለመደ መካኒክ ሌላውን በዚያው ልማድ ሲፈርድ ይሳሳታል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲና የሙያ ትምህርት ቤቶች ሥራ ነው» ይሉኛል። በከፊል ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ የጎደለው የመፍቻ ችሎታ አይደለም፤ የአርሲው ባለሙያ ፓምፑን አውጥቶ የመለሰበት ጥበብ እኔን ያስቀናኛል። የጎደለው ከመላ ምት ወደ ሙከራ፣ ከሙከራ ወደ ፍርድ የመሄድ ልማድ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው ብለን የምንኮራበት ነው። መመሪያዎቹ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ ተጽፈው ሳለ፣ በአማርኛ አንዲት ገጽ የፍለጋ ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ለፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ከባድ አይሆንም። ለአንደኛ ዓመት ቤተ ሙከራም በሁለት ሲሪንጅ ፈንታ ማኖሜትር የተገጠመለት እውነተኛ ማንሻ ቢቀርብ፣ ሆን ብለን አንዲት ኦሪንግ ቆርጠን «ጥፋቱን ፈልጉ» ብንል እመርጣለሁ።

ያ ያለ ጥፋቱ የተነቀለው ፓምፕ ዛሬም በዘመዴ ግቢ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለፋኩልቲው በነፃ እንደሚሰጠን ነግሮኛል፤ የምንፈልገው የሚያመጣው መኪናና የሚቀበለው ክፍል ነው።