የዶስ ማስነሻ ፍሎፒ መሥራት የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም

የዶስ ማስነሻ ፍሎፒ ልሠራ ነው ባልኩ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው። አንደኛው ሳቅ ነው። ሁለተኛው «ኢሙሌተር አለልህ እኮ፣ ምን አደከመህ?» የሚል ነው። ሳቁን ለምጄዋለሁ። ሁለተኛው ግን መልስ ስለሚገባው ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ረጅም ጽሑፍ የማትወዱ እለፉት፣ አልቀየምም።

ኢሙሌተር ጥሩ ነገር ነው። ዶስቦክስን እኔም እጠቀማለሁ፤ የድሮ ጌም ለመጫወት የሚያህለው የለም። ግን ዶስቦክስ የሚከፍተው ቀድሞውኑ ዛሬ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ፋይል ነው። መሳቢያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተኛችውን ፍሎፒ ማን ያንብባት? የዛሬ ማዘርቦርድ የፍሎፒ ገመድ መሰኪያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አለ፤ የተለመደው ግን የሦስት ተኩል ኢንቿን ብቻ ነው የሚያነበው። ሰፊዋ፣ ተጣጣፊዋ፣ የአምስት ከሩብ ኢንቿ ከሆነች ቀላሉ አማራጭ ድራይቩ ያለው አሮጌ ማሽን ነው። የአሮጌው ማሽን ሃርድ ዲስክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል። ያኔ ማስነሻ ፍሎፒ ከሌላችሁ ማሽኑ ያው ብረት ነው።

የሚስቁት ሰዎች ይኼን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፦ ሀብታሟ ሳን ፍራንሲስኮ የከተማ ባቡሯን የሚቆጣጠረውን ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከፍሎፒ ስታስነሳ ነው የኖረችው።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነገሩ የባሰ ነው። በ1980ዎቹ የተጻፈ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዛሬም ይከፈታል፤ ፊደሉ ሁሉም በሚያውቀው በአስኪ ኮድ ነው የተቀመጠው። የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ የሚሠራ ሁሉ በየፊናው የራሱን ኮድ ያወጣ ነበር። አልፈርድባቸውም። አንድ ባይት ያለው 256 ቦታ ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ስታባዙት 231 ይመጣል፤ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዙን ስትጨምሩ ሞልቶ ይፈሳል። ላቲኑም ቦታ ይፈልጋል እኮ! ስለዚህ ሁሉም እንደመሰለው አደረገ፤ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ሆነ። በዶስ ዘመን በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንዲነበብ የተጻፈበት ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ወይም ኮዱን አንድ በአንድ ፈትቶ መቀየሪያ የሚሠራ ትዕግሥተኛ ሰው። ለሁለቱም ግን መጀመሪያ ፍሎፒዋ መነበብ አለባት።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ታሪክ የጻፉትን በብስኩት ቆርቆሮ ይዘውልኝ መጡ። አስር ፍሎፒ። «ልጄ፣ ሦስት ቦታ ወስጄው ‘ይጣሉት’ ነው ያሉኝ» አሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ይተዉልኝ፣ ቃል ግን አልገባም» አልኳቸው። ሰባቱ ያለ ችግር ተነበቡ፣ ሁለቱ በስንት ልመና። አንዷ ሻጋታ ይዟታል፤ የድራይቩን ጭንቅላት እንዳታቆሽሽብኝ አላስገባኋትም፣ መጽዳት አለባት። ፋይሎቹ በዶስ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፉ ናቸው። ደግነቱ ፕሮግራሙ ራሱ ከፍሎፒዎቹ አንዷ ላይ ተገኘ። እሳቸው ያኔ ያነጋገሯቸው ሽማግሌዎች ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው የለም ማለት ነው።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው? ብዙ ሰው ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ ይበቃል ይላል። አይበቃም! ማሽኑ ሲበራ ባዮስ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያነበው የፍሎፒዋን የመጀመሪያ ሴክተር ነው፤ 512 ባይት፣ በቃ። እዚያች ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ፕሮግራም አይኦ ሲስ የሚባለውን የተደበቀ ፋይል ትጠራለች፣ ኤምኤስዶስ ሲስ ይከተላል፣ ቀጥሎ ኮማንድ ኮም ይመጣና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዛችሁን ይጠብቃል። ኮፒ ስታደርጉ ያቺ የመጀመሪያ ሴክተር አትነካም። «ፎርማት» ላይ «ስላሽ ኤስ» የሚጨመረው፣ ወይም «ሲስ» የሚባለው ትእዛዝ የተሠራው ለዚህ ነው።

የሚሠራ ዶስ ከሌላችሁ የፍሎፒ ኢሜጅ ታወርዳላችሁ። የባለ 1.44ቷ ኢሜጅ ልኩ 1,474,560 ባይት ነው፤ 80 ትራክ፣ ሁለት ገጽ፣ በየትራኩ 18 ሴክተር፣ እያንዳንዱ 512 ባይት። ይኼንንም እንደ ፋይል ጎትታችሁ ፍሎፒዋ ላይ ልጣል ብትሉ «ቦታ የለም» ይላችኋል፤ ፍሎፒዋ ለራሷ መዝገብ የምትይዘው ቦታ አለና። ሴክተር በሴክተር ነው የሚጻፈው፤ በዊንዶውስ ሮውራይት፣ በሊኑክስ ዲዲ። ዲዲ ላይ የድራይቩን ስም ደጋግማችሁ እዩ፤ ሃርድ ዲስካችሁን ሲደመስስ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም።

የማይክሮሶፍት ዶስ 6.22 ሦስት ፍሎፒ ነው፤ የመጀመሪያዋ ራሷ ታስነሳለች። ኢንስቶል ማድረግ ካልፈለጋችሁ ኤፍ3ን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ ትእዛዝ መጻፊያው ላይ ትወጣላችሁ። በሕጋዊ መንገድ፣ በነፃ የሚገኘው ግን ፍሪዶስ ነው፤ ጂም ሆል የሚባል የፊዚክስ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ጀመረው፣ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኔ ለማዳን ሥራ እሱን ነው የምመርጠው።

ማዳን ስል፦ ዶስ መጫንና ሰነድ ማዳን ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፣ አታምታቱት። ባዶ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ በኤፍዲስክ ከፋፍላችሁ (6.22 በአንድ ክፍል ከ2 ጊጋ በላይ አያውቅም)፣ ፎርማት አድርጋችሁ ትጭናላችሁ። የሰው ሰነድ ያለበት ማሽን ላይ ግን ኤፍዲስክና ፎርማት ማስነሻዋ ላይ ባይኖሩ ይሻላል። እኔ አጥፍቻቸዋለሁ፤ እጅ አይታመንም። የሰውየውንም ፍሎፒ ከማስገባታችሁ በፊት ቆልፉ። ትንሿ መቆለፊያዋ ተገፍታ ቀዳዳው ሲከፈት ነው የምትቆለፈው፤ የአምስት ከሩቧ ግልባጭ ነው፣ ጎኗ ላይ ያለው ቁራጭ በፕላስተር ሲሸፈን ነው የምትቆለፈው። ከዚያን ዘመን ቫይረሶች ብዙዎቹ እዚያችው የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከላሆር የወጣው ብሬይን ያደረገው ይኼንኑ ነው። ዛሬም ፍሎፒዎቹ ላይ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ።

የሚያናድደኝ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተር የሚያስወግዱበት መንገድ ነው። ስክሪኑ ጠፋ፣ አልነሳ አለ፣ በቃ በኪሎ ለቆራሌ። ውስጡ ምን እንዳለ ያየ ሰው የለም፤ «አይነሳም» የተባለው ማሽን አንዳንዴ የሚፈልገው አንድ ማስነሻ ፍሎፒና አሥር ደቂቃ ነው። የወረቀት መዝገብ ቢሆን ሳይታይ ይጣል ነበር? በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየጋዜጠኛው ቤት በካርቶን የተቀመጠ ፍሎፒ አለ። ማግኔቱ እየደከመ ነው፤ ሻጋታውም አለ። ሶኒ እንኳ ማምረት ካቆመ ከ2011 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ። ባዶ ፍሎፒ ካላችሁም አትጣሉ፣ ለማስነሻ እፈልገዋለሁ።

የሚሠራ የአምስት ከሩብ ኢንች ድራይቭ ያለው፣ ወይም ያለውን ሰው የሚያውቅ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። የመምህሩን ጨርሼ ሌላ ካርቶን ተሰጥቶኛል፤ ከሱ ውስጥ አራቱ ሰፊዎቹ ናቸው፣ የእኔ ድራይቭ ደግሞ መንጫጫት ጀምሯል።