ዕረፍትም እንደ ዕቃ በጊዜ ይታሰብ

በአንዋር መስጊድ ሰፈር ያለ ነጋዴ ለመስከረም ገበያ የሚሆነውን ዕቃ ወራት አስቀድሞ ያዛል፤ የቤተሰቡን ዕረፍት ግን ለነገ ሲያሳድር ክረምቱ ያልፍበታል። ምጽዋ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ወደብ ስለ ሆነች፥ ባሕር የናፈቀው ሰው ጂቡቲ ወይም ሞምባሳ ለመውረድ ለዕቃ መግዣ የሚፈልገውን የውጭ ምንዛሪ ያወጣል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የላንጋኖ ሐይቅ ግን አሸዋማ ዳርቻ አለው፤ ወጪውም በብር ይከፈላል፤ በክረምትም ቢሆን ስምጥ ሸለቆው ከመርካቶ ይሞቃል። ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ቆጠራው ካለቀ በኋላ፥ ትምህርት ቤትም ሳይከፈት፥ ለጥቂት ቀናት የሚሆነውን ማረፊያ ከግንቦት ጀምሮ መያዝ፥ ሱቁንም ለታመነ ሰው ማስረከብ ይገባል። ልጆች አንዴ ካደጉ ያለፈው ክረምት በማናቸውም ዋጋ አይገዛም።