«ልጁ» የተባለው ሠራተኛ ስም አለው

በሐይቅና በአምባሰል ገበያዎች የእህል ንግድ የሚያካሂድ ሰው በመጋዘኑ ውስጥ ዋጋው ያልታወቀለት ዕቃ ቢኖረው ዝም ብሎ አይተወውም፤ ያስመዝነዋል፣ ያስነፋዋል፣ ናሙናውንም ለገዥ ይልካል። ዳሩ ግን በዚያው መጋዘን ውስጥ አሥር ዓመት ያገለገለውን ሚዛን ያዥ ወይም ጸሐፊ ከበሩ ውጭ በስሙ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩ ብዙዎቹን ነጋዴዎች አያሳስባቸውም።

ለምሳሌ ያህል የማሾን ንግድ መመልከት ይበቃል። ከደቡብ ወሎ ቆላ ጥቂት በጥቂት ተሰብስቦ ሲገባ እርጥበት የያዘውን ከደረቀው፣ ነቀዝ የጀመረውን ከጤነኛው የሚለየው፣ ጭነቱም አዲስ አበባ ደርሶ እንዳይመለስ የሚጠነቀቀው ሠራተኛው ነው። ገዥው ደውሎ ስለ ጥራቱ በጠየቀ ጊዜ ግን ባለንግዱ «ልጁን ልጠይቅና እነግርሃለሁ» ይላል። ይህ «ልጅ» የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ ጠጉሩ የሸበተ፣ የልጆች አባት ነው። እርግጥ ነው፣ በወሎ «ልጄ» ብሎ መጥራት የቤተሰብነት ምልክት እንጂ ንቀት አይደለም፤ ቢሆንም ገዥው ዘንድ የሚደርሰው ፍቅሩ ሳይሆን ስም አልባነቱ ነው። ባለንግዱ ታሞ የተኛ ዕለት ገዥው የሚያነጋግረውን ሰው ያጣል፤ ጭነቱም በመጋዘን ይቆያል።

የሒሳብ መዝገብ የምትይዘውም ሴት ዕጣዋ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ግብር በሚከፈልበት ወራት ከገቢዎች ሹም ፊት ቆማ እያንዳንዱን ደረሰኝ የምታስረዳው እርሷ ሆና ሳለ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ለኃላፊነቱ የሚጠራው የባለንግዱ የእኅት ልጅ ነው።

ሰውን አሠልጥኖ ወደ ፊት ማውጣት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት በገዳሙ ተሸሽገው አልቀሩም፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ደቀ መዝሙሩ ስለ ገነነ የመምህሩ ክብር አልተቀነሰም፤ እንዲያውም የሐይቅ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥፍራ ነበራቸው።

በዘመናዊው ሥራ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሊጠቀስ ይገባዋል። ድርጅቱ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጆቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1971ም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ለዚህ ትምህርት ብቻውን አልበቃም፤ ወንበሩን የሚያስረክብ ሰውም ያስፈልግ ነበር።

ብዙዎች ነጋዴዎች «ደንበኛዬን ካስተዋወቅሁት ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ይከፍታል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በኢትዮጵያ ንግድ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው አንቶኒን ቤስ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1899 ወደ ዓደን የመጣው የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የራሱን ንግድ ቤት አቆመ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰው በመሸሸግ ማስቀረት ይቻላል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ጥሩ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ስለታወቀ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ደረጃ ስላጣ ነው። ተሸሽጎ የኖረ በቂም ይለቃል፤ በምስጋና የተሸኘ ግን ነገ ዕቃ ገዥ ወይም አቅራቢ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ለመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሠራተኛ ስም ከግርጌው ቢሰፍር፣ ለባንኩና ለአቅራቢው በሙሉ ስሙ ቢተዋወቅ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ለዋጋ ድርድር ሲኬድ ሻንጣ ተሸካሚ ሳይሆን ተናጋሪ ሆኖ ቢቀመጥ፣ በተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ የሚዋዋልበት የጽሑፍ ውክልና ቢሰጠው ባለንግዱ ራሱ ዕረፍት ያገኛል። ከዚህም በቀር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል፤ ይህን ወረቀት እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ባለንግዶች ግን ዛሬም አልጠፉም።

ይሁን እንጂ ስሙና ደመወዙ አብረው መሄድ አለባቸው። ስሙ ከደብዳቤው ግርጌ ሰፍሮ ደመወዙ በነበረበት የቆየ እንደሆነ፣ ገዥዎቹ ባወቁት በሁለተኛው ወር ከመካከላቸው አንዱ ይወስደዋል።