በጣና ደሴቶች እንግዳ የት ይደር?

በቀደመው ዘመን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ አገር የሚሄደው ለዘመቻ፥ ለንግድ፥ ለሙግት ወይም ለስለት ነበር እንጂ እንዲሁ ዐይኑን ለማስደሰትና ልቡን ለማሳረፍ ብሎ ስንቅ የሚያስቋጥር አልነበረም፤ ቢገኝም ሥራ ፈት ይባል ነበር። ዛሬ ግን በዓመት ውስጥ የዕረፍት ቀን የተወሰነለት ሠራተኛ፥ ጋብቻውን የፈጸመ ሙሽራ፥ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ፥ ከባሕር ማዶም ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ኢትዮጵያዊ፥ ሁሉም ውሃና ደሴት ወዳለበት ስፍራ ሄዶ ጥቂት ቀን መሰንበትን ይፈልጋል። ይህም መልካም ነገር ነው። አገሩን ሳያይ አገሬን እወዳለሁ የሚል ሰው ፍቅሩ በወሬ ላይ የቆመ ነውና። ዳሩ ግን ስለ መሄዱ የታሰበውን ያህል ስለ ማደሪያው ስላልታሰበ፥ እንግዳው የሚሄድበትን ስፍራ ሳያውቀው ይመለሳል፤ የስፍራውም ባለቤት እንግዳውን ሳያውቀው ይሸኘዋል። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በጣና ደሴቶች ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች አሉበት፤ በብዙዎቹም ላይ ገዳማትና አድባራት ተተክለዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በክብር ተቀምጧል። ከደሴቶቹ ሁሉ ሰፊ በሆነው በደቅ፥ በምዕራቡ ዳር፥ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። በክብራን ገብርኤልና በጣና ቂርቆስ፥ በእንጦስ ኢየሱስም ያለው ታሪክ በዚህ ስፍራ ተዘርዝሮ የሚያልቅ አይደለም። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ በዓለም ካሉት የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ መጻፉም የሚታወስ ነው።

እንግዲህ ይህን ለማየት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የሚነሣ ሰው ወደ ክብራን ግማሽ ሰዓት፥ ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል፥ ወደ ደቅና ወደ ዳጋ ግን ሦስት ሰዓት የሚደርስ መንገድ አለበት። ከዚህም በቀር በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። ስለዚህ ጀልበኛው በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስን ይመርጣል፤ በዚህም አይፈረድበትም። ነገር ግን ወደ ደቅ ደርሶ በዚያው ቀን ለመመለስ ያሰበ እንግዳ ስድስት ሰዓት በጀልባ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት በደሴቲቱ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ የሚበዛው እንግዳ ሩቆቹን ደሴቶች ትቶ ቅርቦቹን ብቻ አይቶ፥ ቤተ ክርስቲያኑን በችኰላ ዞሮ፥ ሥዕሉን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ለምሳ የቆረሶ ጥብስ ወደሚበላበት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ሲመለስም ጣናን አየሁ ይላል።

የአገሩ ሰው እንዲህ አያደርግም። የአገሩ ሰው ወደ ደሴት ሲሻገር ለማደር ነው። ለጥር ሥላሴ ወደ ናርጋ፥ ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ ወደ ኡራ የሚሄድ ምእመን በዋዜማው ይደርሳል፤ ዘመድ ያለው በዘመዱ ቤት፥ የሌለው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከዛፍ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ከበዓል ቀን ውጭ የመጣ መንገደኛም በድሮው ወግ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ቢቆም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባል። እግሩን ይታጠባል፤ በመደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል፤ ከቤቱ የተገኘው ይቀርብለታል፤ ቡናውም ሦስተኛው ሳይደርስ ከየት እንደ መጣና የማን ልጅ እንደ ሆነ ተጠይቆ ያበቃል። ይህ ማረፊያ ሰሌዳ የለውም፤ ዋጋውም በየትም አልተጻፈም። ነገር ግን እንግዳው በማግሥቱ ከመነሣቱ በፊት የቅዳሴውን ደወል ሰምቷል፤ ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሣ አይቷል፤ ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳው መረቡን ሲያወጣ ተመልክቷል። ይህን በገንዘብ ብዛት ከከተማ ሆቴል መስኮት ሊያገኘው አይችልም።

በጣና ላይ ለማደር የትኛው ይሻላል ተብሎ የአገሩ ሰው ቢጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። ቤተ ሰቡን ይዞ ለመጣና ብዙ መንገድ ለማይፈልግ ዘጌ ይበጃል። ዘጌ በእውነቱ ደሴት ሳይሆን ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው፤ ነገር ግን የሚሄዱበት በውሃ ስለ ሆነ፥ ጠባዩም የደሴት ስለ ሆነ፥ ከደሴቶቹ ጋር ይቈጠራል። በዚያ ከጥንት ጀምሮ በአባቶች ቃል እርሻ እንዳይታረስ፥ ከብት እንዳይረባ ስለ ተከለከለ፥ ሕዝቡ ከቡና፥ ከጌሾና ከሎሚ ሲኖር ደኑ ሳይመነጠር ለዛሬ ደርሷል። ከቡናው ዛፍ ጥላ ሥር በእግር ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያም መሄድ ለሕፃንም ለሽማግሌም የማይከብድ ነው። ከጐንደር በኩል ለሚመጣ ጐርጐራ ይቀርበዋል፤ በዚያም ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለአገር ሥራም አዲስ የመዝናኛ ማረፊያ ተሠርቶበታል። ሁለትና ሦስት ቀን ያለው፥ ጸጥታ የሚወድ ሰው ግን ወደ ደቅ ይሂድ። ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጐርጐራ ይመላለስ የነበረው መርከብ በዘጌና በደቅ እየነካ፥ በቁንዝላ አድሮ ያልፍ ነበር፤ በእርሱ የሄዱ ሰዎች ስለ ደቅ ገበሬ ደግነት የሚያወሩት ብዙ ነው።

ስለ ማደሪያ ሲታሰብ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ሥርዓት አለ። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ይህም የገዳማቱ ሕግ ነውና እንግዳው አምኖ ይቀበለዋል እንጂ አይከራከርበትም። ናርጋ ሥላሴ፥ እንጦስ ኢየሱስ፥ በዐባይ መውጫ አጠገብ ያለችው ደብረ ማርያም፥ የዘጌም አድባራት ግን ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው። ይህን ያልተነገራቸው ባልና ሚስት እስከ ክብራን ወደብ አብረው ሄደው ሚስቲቱ በጀልባ ላይ ፀሐይ ስትመታት ባልየው ሥዕል ሲያይ የሚታይበት ጊዜ አለ። ጀልበኛው ከመነሣቱ በፊት አንድ ቃል ቢናገር ይህ ባልሆነም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እንግዳው ግማሽ ቀን ብቻ የሚቆይበት ልማድ የሚጎዳው ማንን ነው ቢባል፥ ከሁሉ በፊት ደሴተኛውን ነው። እንግዳው ለጀልባ ይከፍላል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ይከፍላል፤ ለአልጋና ለምግብ የሚያወጣው ትልቁ ገንዘብ ግን በከተማ ይቀራል። ለደሴቱ ሰው የሚተርፈው ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው መንገድ ዳር ዘርግቶ የሚሸጠው ትንሽ ዕቃ ነው፤ እንግዳው ስለሚቸኵል ያም ብዙ ጊዜ ሳይሸጥ ይቀራል። ልጆቹም ትምህርታቸውን ትተው ሳንቲም ለመለመን ወደብ ላይ መዋልን ይማራሉ። በአንጻሩ አንድ ሌሊት ያደረ እንግዳ እራት ይበላል፤ ቍርስ ይበላል፤ ቡና ይጠጣል፤ መሪ ይቀጥራል፤ ታንኳ ይከራያል፤ ከሁሉም በላይ የሰዉን ስም ያውቃል።

ይህን የሚሰሙ አንዳንድ ሰዎች ፈጥነው «እንግዲያውስ በደሴቶቹ ላይ ትልልቅ ሆቴል ይሠራ» ይላሉ። ይህ አሳብ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም የሚያዋጣ አይደለም። ገዳም የተገደመው ከዓለም ጫጫታ ለመለየት ነው፤ መናኝ ባለበት ደሴት ላይ ሌሊቱን ሙዚቃ የሚያሰማ ቤት ቢተከል፥ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ራሱ ያጠፋዋል። ሐይቁም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ነው፤ ከደሴት የሚወጣ ቈሻሻ ሁሉ ወደ እርሱ ይገባል። ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እንቦጭ የተባለው አረም በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ እየተስፋፋ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ምን ያህል እንዳስቸገረ፥ ስንት ሺህ ሰውም ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደ ነቀለው የታወቀ ነው። ለአረሙ ምግብ የሚሆነው ከየብስ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ፍሳሽ ሲሆን፥ በላዩ የሆቴል ፍሳሽ መጨመር በሽተኛን ማባስ ይሆናል። ትልቁ ሆቴል በባሕር ዳርና በጐርጐራ፥ መንገድና መብራት፥ የፍሳሽ ማጣሪያም ሊደረግ በሚችልበት ምድር ይሁን። በደሴት ላይ የሚያስፈልገው ትንሹ ነው።

ትንሹ ማረፊያ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ከኢትዮጵያ መውጣት አያስፈልግም። በሰሜን ወሎ በመቄት ደጋ ላይ ገበሬዎቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋ በተባለው ሥራ ተረድተው፥ በገደል አፋፍ ላይ በአገሩ አሠራር ጎጆ ሠርተው እንግዳ መቀበል ጀመሩ። እንግዳው በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፤ ማታ የሚያበስልለትና የሚያስተናግደው የመንደሩ ሰው ነው፤ ትርፉም ለማኅበሩ ይሆናል። በዚያ አልጋው ንጹሕ፥ ምግቡ የታወቀ፥ መጸዳጃው ሩቅ ያልሆነ ነው። ይህን የሠራ ደገኛ ነው፤ ውሃ የከበበው ሰው ሊሠራው የማይችልበት ምክንያት አይታይም።

በደሴት የሚኖር ሕዝብ ይህን ሲያደርግ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ጃፓን ይመልከት። በኦኪናዋ ደቡብ ታኬቶሚ የምትባል፥ ዙሪያዋ 9 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ሕዝቧም ከ400 የማይበልጥ ደሴት አለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ኦኪናዋ ከአሜሪካ አስተዳደር ወደ ጃፓን በተመለሰችበት ጊዜ ግድም፥ ከዋናው አገር የመጡ ባለገንዘቦች የደሴቲቱን መሬት መግዛት ጀምረው ነበር። ደሴተኞቹም ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ አይተው ተከራከሩ፤ በ1986ም ተሰብስበው መሬታችንን አንሸጥም፥ አናቈሽሽም፥ አናውክም፥ አናፈርስም፥ ያለንን ግን እንሠራበታለን የሚል የጋራ ቃል ጻፉ። በማግሥቱ ዓመት መንደራቸው በመንግሥት ዘንድ ተጠብቀው ከሚኖሩ ጥንታውያን መንደሮች አንዱ ሆነ። በዚያ እንግዳ የሚያድረው በቀይ ሸክላ በተከደነ፥ በድንጋይ ካብ በታጠረ በሰው ቤት ነው፤ ባለቤቲቱ ያበሰለችውንም ይበላል። በ2012 አንድ ትልቅ ማረፊያ ቢገባ እንኳ ቤቶቹን በመንደሩ ቤት አምሳል እንዲሠራ ሆነ። ባለቤቱ መሬቱን ስላልለቀቀ እንግዳው ወጉን ለመጠበቅ ተገደደ።

የደቅና የዘጌ ሰው ከዚህ የሚጐድለው ደግነት አይደለም፤ ዝግጅት ነው። እንግዳ መቀበል የሚያውቅ ሕዝብ ስለ መጸዳጃ ሲነገረው ያፍር ይሆናል፤ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ንጹሕ መጸዳጃ የሌለበት ቤት፥ ፈልቶ የቀዘቀዘ የሚጠጣ ውሃ የማይገኝበት፥ ወባ ባለበት የሐይቅ ዳር አጎበር ያልተሰቀለበት አልጋ፥ ለእንግዳ ደግነት ሳይሆን አደጋ ነው። ዋጋውም አስቀድሞ ይታወቅ። «እንዳሻህ ስጥ» ማለት በዘመድ መካከል ያማረ ነው፤ በማያውቁት ሰው ዘንድ ግን አንዱን ያሳቅቃል፥ ሌላውን ያስቈጣል። ቤቶቹ በተራ ይቀበሉ እንጂ አንድ ብልጥ ሁሉን አይሰብስብ። ከገቢውም ድርሻ ለገዳሙ ይሰጥ፤ የመጻሕፍቱና የሥዕሎቹ ጠባቂ እርሱ ነውና። የጀልባ ማኅበራትም እንግዳውን በአንድ ቀን አድርሰው በማግሥቱ የሚመልሱበትን ዋጋ ይወስኑ፤ ከመስጠም የሚያድነውንም ሰደርያ ለሁሉ ያዘጋጁ። የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ የሚያፈሱበትን ትልቅ ሕንፃ ብቻ ከሚቈጥሩ፥ አንዲት የደቅ ሴት አንሶላ አጥባ ሁለት አልጋ ብታነጥፍ ይህንንም ሥራ ብለው ይመዝግቡላት።

የእንግዳውም ግዴታ አለ። በገዳም አጠገብ ሲያድር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይዞት የመጣውን የላስቲክ ጠርሙስ ይዞት ይመለሳል፤ ሰውን ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አያነሣም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሰላም ሲኖር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ የእንግዳው ቍጥር እጅግ እንደ ቀነሰ፥ በጣና ወደቦችም ጀልባ ታስሮ ጀልበኛ ያለ ሥራ የዋለበት ጊዜ እንደ በዛ ማንም የሚክደው አይደለም። መንገዱ ካልተከፈተ አልጋ ቢነጠፍ የሚተኛበት አይገኝም። መንገዱን መክፈት ጠመንጃ የያዙት ሁሉና የሚያዝዟቸው ሰዎች ዕዳ ነው፤ የደሴቱ ገበሬ ከዚህ የሚችለው ነገር የለም። ቤቱን ማሰናዳት ግን ይችላል። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ከታጨደ በኋላ፥ ጭቃ ለማቡካትና ጎጆ ለመክደን የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። በደቅ፥ ከናርጋ ሥላሴ ቅጥር ውጭ፥ ወደቡን በሚያይ ስፍራ ሁለት ወይም ሦስት ጎጆ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ከጎጆዎቹም በፊት፥ ከውሃው ራቅ ብሎ፥ የመጸዳጃው ጕድጓድ ይቈፈር። ጥር 7 ቀን የሚመጣው ምእመን ከዛፍ ሥር ከሚያድር በእነዚያ ጎጆዎች ቢያድር፥ አሠራሩን የሚፈትነውና ጕድለቱን የሚናገረው የመጀመሪያው እንግዳ ከዚያው ከአገሩ ሰው ይሆናል።