እግርም ዋና ገንዘብ ነው

ክረምት በገባ ቁጥር በየካ ክፍለ ከተማ የሾላ ገበያ ጭቃ ይቦካል። ነጋዴው ከማለዳ እስከ ምሽት በረጠበ ካልሲ፣ በላስቲክ ቦት ይቆማል። ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱት እናቶችም ቁልቁለቱን በላስቲክ ጫማ ይመላለሱበታል። ማታ በእግር ጣቶች መካከል ያሳክካል፣ ቆዳው ነጥቶ ይላጣል። «የክረምት ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ለጤነኛ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ስኳር ላለበት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከቁጥጥር ሲወጣ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ዝውውሩንም ያዳክማል። ፈንገሱ የሰነጠቀው ቆዳ ለባክቴሪያ መግቢያ ይሆናል፤ ባለቤቱም ሕመም ስለማይሰማው ቁስሉን የሚያውቀው ካመረቀዘ በኋላ ነው። መጨረሻው እግር መቆረጥ ሊሆን ይችላል።

እስቲ በገበያ ቋንቋ እንነጋገር። በጣቶች መካከል ያለ ፈንገስ በጊዜ ከተያዘ ክሎትሪማዞል ቅባት ለ4 ሳምንት ያህል፣ ወይም ተርቢናፊን ቅባት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል። ጥፍር ውስጥ ከገባ ግን ቅባት ብዙም አያዋጣም፤ የተርቢናፊን ክኒን ለ12 ሳምንት ያህል፣ ያውም ጉበት ተመርምሮ በሐኪም ትእዛዝ መዋጥን ይጠይቃል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዶላሩን ይከተላል። እግር ሲቆረጥ የሚመጣው ኪሳራ ግን በዶላርም አይተመንም፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ደንበኛ ይበተናል፣ ዕቁብ ይቋረጣል።

የሚያሳዝነው ገበያተኛው ገንዘቡን እያወጣ መክሰሩ ነው። አንዱ ማሳከኩ በ3 ቀን ስለቆመ ቅባቱን ይተዋል። ሌላው በጎረቤት ምክር ስቴሮይድ የተቀላቀለበትን ይገዛል፤ ይኸኛው ማሳከኩን ያስታግስና ፈንገሱን ያባብሳል። ሌላው የደነዘዘ እግሩን በፈላ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ጥፍሩን በምላጭ ይቀርፋል።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። ፈንገስ እየተመላለሰ ያስቸገረው ነጋዴ ሌላ ቅባት ከመግዛቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፤ በሽታው እንዳለበት የማያውቅ ብዙ ነው። መድኃኒት ቤቶችም ቅባት ሲሸጡ «ስኳር አለብዎት?» ብለው ይጠይቁ። ጤና ጣቢያዎች ለስኳር ታማሚ መድኃኒት በሚሰጡበት ቀን ካልሲውን አስወልቀው እግሩን ይዩ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ነጋዴም ይህን ይጠይቅ።

ከእኛ የሚጠበቀው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ እግርን ታጥቦ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ካልሲ መቀየር፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት ነው። ቁስል ወይም መቅላት ከታየ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ዕቃውን በየሳምንቱ የሚቆጥር ነጋዴ 10 ጣቱን በየቀኑ ቢቆጥር ምን ይቸግረዋል?