የባነር ቀለም፤ በግዥ መጠየቂያ ላይ ያልሰፈረው የጤናና የአካባቢ ጉዳይ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ ያለ ባነር የሚካሄድ ስብሰባ፣ ሥልጠና ወይም በዓል እምብዛም አይገኝም፡፡ በክልሉ መተከል ዞን ጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. አንሥቶ ግድቡ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ አጥርና በየአዳራሹ የተሰቀለውን ሸራ ማሰብ ብቻ የሥራውን ስፋት ለመገመት ይበቃል፡፡ ቀደም ባሉት ጊዜያት ተመሳሳይ መልእክት የሚጻፈው በአቡጀዲ ላይ በብሩሽ ነበር፡፡ ዛሬ በአመዛኙ የሚታተመው ፒ.ቪ.ሲ. በተባለ ፕላስቲክ በተለበጠ ሸራ ላይ፣ በሰፋፊ የኅትመት ማሽኖችና ሶልቨንት በሚባል አሟሚ ኬሚካል በቀጠነ ቀለም ነው፡፡

ለውጡ ሥራን አቀላጥፏል፤ ለበርካታ ወጣቶችም የእንጀራ ምንጭ ሆኗል፡፡ ይሁን እንጂ ቀለሙ ስለሚያስከትለው ጉዳት በግዥ ክፍሎችም ሆነ በተቆጣጣሪ አካላት ዘንድ ሲነሣ የሚሰማው ጥቂት ነው፡፡

የሶልቨንት ቀለም አብዛኛው ክፍል ቀለም አይደለም፤ የሚተን ፈሳሽ ነው፡፡ ከእነዚህ ፈሳሾች መካከል ሳይክሎሄክሳኖንና ግላይኮል ኢተር የተሰኙት የኬሚካል ዓይነቶች ይገኙበታል፡፡ ፈሳሹ የፕላስቲኩን ገጽ በጥቂቱ አሟሙቶ ቀለሙን ካስገባ በኋላ ወደ አየር ይተናል፡፡ በማተሚያ ክፍሉ የሚሸተው ይኸው ትነት ነው፡፡ ትነቱ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ መጠኑ ሲበዛ ራስ ምታትና ማዞር ያስከትላል፤ ፈሳሹም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፡፡ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ተቋም ለሳይክሎሄክሳኖን የመከረው ጣሪያ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 25 ክፍል ነው፡፡ ከግላይኮል ኢተሮች መካከል አንዳንዶቹ የመራቢያ ጤናን እንደሚጎዱ በመረጋገጡ በአውሮፓ ገደብ ተጥሎባቸዋል፡፡

በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ይጨመራል፡፡ በአሶሳ በየካቲትና በመጋቢት ወራት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል፡፡ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ትነቱም ይጨምራል፡፡ የሳይክሎሄክሳኖን ትነት በ44 ዲግሪ አካባቢ በእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል የሚችል በመሆኑ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ መጋዘን ውስጥ ቀለም ማከማቸት የእሳት አደጋም ጉዳይ ነው፡፡ ከዚህም ሌላ አቧራ የማሽኑን የቀለም መርጫ ስለሚደፍን ባለ ማሽኖች በርና መስኮት መዝጋትን ይመርጣሉ፡፡ ማሽኑን ከአቧራ የጠበቀው ክፍል ሠራተኛውን ከትነቱ ጋር ያስቀረዋል ማለት ነው፡፡ የሶልቨንት ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ስለሆነም በጣሪያ ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ ትነቱን ከማዘዋወር በቀር አያስወጣውም፡፡ የሚያስፈልገው ከወለሉ ዝቅ ብሎ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ነው፡፡

በአፍና በአፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅ መታመንም ስሕተት ነው፡፡ ተራ ማስክ አቧራን እንጂ ትነትን አይዝም፤ ለዚህ የሚያገለግለው የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው፡፡ የሕክምና ጓንትም በሳይክሎሄክሳኖን ፊት ብዙ አይቆይም፡፡

ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ያለው ታሪክ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ይያያዛል፡፡ ያገለገለ ባነር በየቤቱ ለዝናብ መከላከያ፣ ለሱቅ ጥላና ለእህል ማስጫ ሲውል ይታያል፡፡ ሸራን ደግሞ መጠቀም በራሱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ፒ.ቪ.ሲ.ን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፋታሌት የተባሉ ኬሚካሎች ቅባት ወዳለው ነገር በቀላሉ ይሸጋገራሉ፡፡ ሰሊጥ፣ ለውዝና አኩሪ አተር በሚያመርት ክልል ውስጥ ይህን ለገበሬው መንገር የግብርና ባለሙያው ድርሻ ሊሆን ይገባል፡፡ ባነሩ በሜዳ ላይ ከተቃጠለ ደግሞ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝና ዳይኦክሲን ይወጣሉ፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቀበለችው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲቀነሱ ከሚጠይቃቸው ብክለቶች አንዱ ዳይኦክሲን ነው፡፡ የማሽን ማጠቢያ ፈሳሽም ወደ ቦይ ከተደፋ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የክልሉ ዝናብ ወደ ወንዝ መድረሱ አይቀርም፡፡

በሕግ በኩል ክፍተቱ ሰፊ አይደለም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ይደነግጋል፡፡ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በሥራ ላይ ናቸው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፡፡ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፡፡ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋም ተደራጅቶ የራሱን ማሽን የሚያንቀሳቅስ ወጣት አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው፡፡ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ደጁን ሊያንኳኳ የሚችልበት አጋጣሚ ጠባብ ነው፡፡ ያደራጀው መንግሥት ነው፤ ከዋና ዋና ደንበኞቹም መካከል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኙበታል፡፡

ስለሆነም ፈጣኑ መፍትሔ በግዥ ክፍሎች እጅ ይገኛል፡፡ የባነር ግዥ መጠየቂያ በተለምዶ ስፋትን፣ ብዛትንና የመረከቢያ ቀንን ያሰፍራል፤ የቀለሙን ዓይነት አይጠይቅም፡፡ አቅራቢው የቀለሙን የኬሚካል ደህንነት መረጃ ሰነድ እንዲያያይዝ፣ የማተሚያ ክፍሉ አየር ማስወጫ እንዲኖረው፣ የማጠቢያ ፈሳሹንም በተከደነ ዕቃ እንዲያጠራቅም መጠየቅ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፡፡ «ኢኮ ሶልቨንት» የሚለው ስያሜ ግን ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ሽታው ቀነሰ እንጂ ሶልቨንቱ አልቀረም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውና በውኃ የሚቀጥነው የላቴክስ ቀለም የተሻለ አማራጭ ነው፡፡ በእርግጥ ማሽኑ ውድ ነው፤ ቀለሙን ለማድረቅም ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፡፡ ከእያንዳንዱ ትንሽ ማተሚያ ቤት በአንድ ጊዜ መጠበቅ አይቻልም፡፡

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሶልቨንት ቀለም የተሠራው ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ እንዲችል ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ የምናሳትምበት ግማሽ ቀን በአዳራሽ ውስጥ ለሚሰቀል ሸራ መሆኑ ነው፡፡ የመሥሪያ ቤቱን ስምና ዓርማ ብቻ የያዘ፣ ቀንና ርዕስ ያልተጻፈበት ባነር ለዓመቱ ስብሰባዎች ሁሉ ይበቃል፡፡ ርዕሱ በወረቀት ተጽፎ ከጎኑ ሊለጠፍ ይችላል፡፡

የጊዜ ጉዳይም አለ፡፡ «ለነገ ጠዋት ይድረስ» ተብሎ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚላክ ትእዛዝ ወጣቱን በተዘጋ ክፍል ሌሊቱን ያሳድረዋል፡፡ ትነቱ ሳይወጣለት የተጠቀለለው ባነር ደግሞ ጠዋት በአዳራሹ ተዘርግቶ ቀሪውን ትነት በተሰብሳቢው ላይ ይለቅቃል፡፡ አንድ ባነር ከታተመ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አየር በሚገባበት ቦታ ተዘርግቶ መቆየት እንዳለበት የኅትመት ባለሙያዎች ይመክራሉ፡፡ መሥሪያ ቤቶች ትእዛዛቸውን ከስብሰባው ሦስት ቀን አስቀድመው ቢሰጡ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ይገኛል፤ የስብሰባው ቀን ደግሞ በዕቅዳቸው ላይ ከሰፈረ ቆይቷል፡፡